ለቶተንሃም ያጨበጨብንባት ማክሰኞ

የእንግሊዝን ኳስ ከነሐሴ እስከ የካቲት የሚከታተል ሰው የሚያየው የራሱን ቡድን ነው። ሚያዝያ ሲገባ ነገሩ ይለወጣል። የራስ ቡድን ማሸነፍ ብቻውን አይበቃም፤ ሌላው ደግሞ መውደቅ አለበት። ያኔ ደጋፊው ስሙን እንኳ በቅጡ የማይጠራውን የሰው በረኛ «በርታ ወንድሜ» ማለት ይጀምራል። ለዌስትሃም ይሳላል። የፉልሃም የትኛው ተከላካይ እንደተጎዳ፣ መቼ እንደሚመለስ፣ ከማን ጋር እንደተጣላ በቃሉ ይዟል። ዓመቱን ሙሉ ፉልሃም የሚባል ቡድን ስለመኖሩ አስቦ አያውቅም ነበር። እኔ የአርሰናል ደጋፊ ነኝ፤ በዚህ ሙያ ልምዴ ረጅም ነው።

ባለቤቴ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ታያለች። አንድ ነገር ብቻ አይዋጥላትም። «እሁድ ማንቼን እንገጥማለን» ስላት «እናንተ ማን ናችሁ?» ትለኛለች። መልስ የሌለኝ እንዳይመስላት አንድ ቀን ታሪክ ጠቀስኩላት። አርሰናልን የዎልዊች የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች የመሠረቱት በእኛ በ1879 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ አበባም የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. ነው፤ እኩዮች ናቸው። አዳምጣ ስታበቃ «ታዲያ ዋንጫውን ለከንቲባው ነው የሚሰጡት?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ዝምድናችን በቤት ውስጥ ማስረጃ ማቅረብ ትቻለሁ።

ዝምድናውን ያመጣው እንግዲህ አርሴን ቬንገር ነው። ሰውየው በመስከረም 1989 ዓ.ም. ለንደን ገብቶ 22 ዓመት ኖረ። እኛ ቴሌቪዥን ባለበት ቤት በር ላይ ተደርድረን በምናይበት ዘመን እሱ ካኑን ከናይጄሪያ፣ ሎረንን ከካሜሩን፣ ኮሎ ቱሬን ከአይቮሪኮስት አሰለፈልን። በ1996 ዓ.ም. ግንቦት 38 ጨዋታ ሳይሸነፉ ዋንጫ ሲያነሱ፣ 26ቱን አሸንፈው በ12ቱ አቻ ወጥተው ማለት ነው፣ የወደደ ሁሉ የዕድሜ ልክ ፈረመ። የአንድ ዓመት ውል የፈረመ የለም፤ ያ ቢሆን ብዙዎቻችን በ1997 ዓ.ም. ወጥተን ነበር።

አንድ ጊዜ ብቻ ዝምድናችን ሕጋዊ ሊሆን ተቃርቦ ነበር። በ2006 ዓ.ም. ጥር ላይ ጌዲዮን ዘላለም፣ በርሊን ውስጥ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደ ልጅ፣ በኤፍኤ ካፕ ከኮቬንትሪ ጋር በተደረገው ጨዋታ ተቀይሮ ገባ። ኳስ በነካ ቁጥር ጨዋታ የምናይበት ቤት በእልልታ ቀለጠ። ወደ ኋላ ቢመልሳትም እልል አልን። በኋላ ልጁ ለአሜሪካ የወጣቶች ቡድን ተሰለፈ፤ እኛም ወደ ቀድሞው ሕገወጥነታችን ተመለስን።

ከሩቅ መደገፍ ጉዳት ብቻ ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። እንግሊዝ ውስጥ አንድ ደንብ አለ። ሰው ቤቱ ተቀምጦ እንዳይቀርና ስታዲየም እንዲሄድ ሲባል፣ ቅዳሜ በእነሱ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ45 እስከ 11 ሰዓት ከ15 ባለው ጊዜ ኳስ በቀጥታ በቴሌቪዥን አይተላለፍም። ስለዚህ ከስታዲየሙ ጀርባ የሚኖር፣ መስኮቱን ሲከፍት ጩኸቱን የሚሰማ እንግሊዛዊ ትኬት ካላገኘ ጨዋታውን ማየት አይችልም። እኔ ደግሞ ሽሮ ሜዳ ላይ ሻይ ይዤ አየዋለሁ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ለዚያ ሰውዬ አዝናለሁ፤ ብዙም አይደለም ግን።

ሰዓቱ ነው የሚያናድደው። ከመጋቢት አጋማሽ በኋላ እንግሊዞች ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋሉ። የእኛ ሰዓት ፀሐይን ይዞ ስለሚሄድ ንቅንቅ አይልም። በዚያ ሳምንት ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ሁልጊዜ ከዕረፍት በኋላ የሚደርስ፣ ላብ ያጠመቀው፣ «ተጀመረ እንዴ?» የሚል ሰው አይጠፋም። በየዓመቱ ይነገረዋል፤ በየዓመቱ ያው ነው።

የምናየው እንግዲህ እንደ ሰው ሁሉ በሰፈራችን ዲኤስቲቪ ቤት ነው። ነጭ የፕላስቲክ ወንበር፣ ሁለት ቴሌቪዥን፣ መብራት ሲጠፋ በሦስተኛው ጉተታ የሚነሳ ጄኔሬተር። ማንቼዎች፣ የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎች ማለት ነው፣ በግድግዳው በኩል፣ እኛ በበሩ በኩል፤ ስንሸነፍ ቶሎ ለመውጣት ይመቻል። ባለቤቱ ቡድን የለውም። ማን ቢያሸንፍ ደስ እንደሚለው ስንጠይቀው «ሻይ የሚያዝ» ይላል። ከእኛ መካከል ቤቲንግ የሚቆርጥ አንድ ልጅ አለ፤ ልቡን ለአርሰናል፣ ብሩን ለማንቸስተር ሲቲ የሰጠ። ሲቲ ቢያሸንፍ ገንዘብ አለው፣ ቢሸነፍ ደስታ አለው። ከዚያ ቤት እያፏጨ የሚወጣ ሁልጊዜ እሱ ብቻ ነው።

ወደ ግንቦት ከመግባቴ በፊት ስለ በዓላት አንድ ነገር ልናገር። በ2015 ዓ.ም. አርሰናል ለ248 ቀናት ደረጃውን መርቷል። ይህን ያህል ቀን መርቶ ዋንጫ ያጣ ቡድን በእንግሊዝ ታሪክ የለም። እንዴት እንዳጣነው የሚያውቀው የቤተ ክርስቲያን ቀን መቁጠሪያ የያዘ ሰው ነው። የሆሳዕና ዕለት ሊቨርፑልን 2ለ0 መርተን 2ለ2 ወጣን። የፋሲካ ዕለት ዌስትሃምን 2ለ0 መርተን፣ ፔናሊቲ ስተን፣ 2ለ2 ወጣን። ዶሮው ገና ምሳ ላይ የተበላ ነው፤ ሆዳችን ውስጥ ተነስቶ የቆመ መሰለን። በዚያው ሳምንት ዓርብ ከሳውዝሃምፕተን፣ ከመጨረሻው ቡድን ጋር፣ 3ለ3። ከዚያ ሲቲ 4ለ1 አሰናበተን። ሁለት ወር ሙሉ ከሥጋ ጾመን ከዋንጫም ጾምን ማለት ነው።

2016 ዓ.ም. ላይ ስንደርስ ታዲያ ጥርጣሬ እንጂ ተስፋ አልያዝንም ነበር። ያም ሆኖ ቡድኑ አላስቀመጠን አለ። እንዳንረሳ ያህል ሚያዝያ 6 ቀን አስቶን ቪላ መጥቶ በሜዳችን 2ለ0 ረታን። አሰልጣኙ እኛ ያባረርነው ኡናይ ኤምሪ፣ በረኛው እኛ የሸጥነው ኤሚሊያኖ ማርቲኔዝ። የሸኘኸው ሰው እንዲህ ተደራጅቶ ሲመለስ ምን ትላለህ? ሻይህን ትከፍልና ትወጣለህ።

ከዚያ ግን በሊጉ መሸነፍ ቆመ። ቼልሲን 5ለ0። የሆሳዕና ዕለት ቶተንሃም ሜዳ ላይ በመጀመሪያው አጋማሽ 3ለ0። ዘንባባ በጣታችን አስረን የገባን ሰዎች ሆሳዕናን ከአምናው እናውቃታለንና ዕረፍት ላይ ማንም አልጨፈረም። እንደ ፈራነውም በረኛችን ኳስ አቀበላቸው፣ ፔናሊቲም ተሰጠላቸው፣ 3ለ2 ሆነ። የቀሩት ደቂቃዎች የቆዩትን ያህል የሁዳዴ ጾም ራሱ አልቆየም። አሸነፍን።

የቀዳም ስዑር ዕለት በ8 ሰዓት ተኩል ቦርንማውዝን ገጠምን። ቤቱን ያኔ ብታዩት! ግማሹ ቀጤማ ግንባሩ ላይ አስሯል። አክፍሎት የያዙም ነበሩ፤ ከስቅለት ጀምሮ እህል አልቀመሱም፣ ውሃም እንዲሁ። ዳኛ መስደብ እንደማይገባቸው ስለሚያውቁ ዳኛው ባጠፋ ቁጥር «እግዚአብሔር ይይለት» ይላሉ። እንዲህ ያለ ጨዋ ዲኤስቲቪ ቤት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። 3ለ0 አሸነፍን። ባለቤቱ ብቻ አኮረፈ፤ ሻይ ያዘዘ ሰው አልነበረም።

ግንቦት 4 ቀን ኦልድ ትራፎርድ ላይ ትሮሳርድ አገባና 1ለ0 ወጣን። እኛ 86 ነጥብ፣ ሲቲ 85፤ እሱ ግን አንድ ተስተካካይ ጨዋታ ይቀረዋል። ያ ጨዋታ ማክሰኞ ግንቦት 6 ቀን ነው። ከማን ጋር? ከቶተንሃም ጋር። የት? በቶተንሃም ሜዳ።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። የአርሰናል ደጋፊ ቶተንሃምን ይጠላል። ለምን ቢባል ግማሾቻችን ምክንያቱን አናውቀውም፤ ከአርሰናል ጋር አብሮ የመጣ ዕቃ ነው። የለንደኑ ሰው ምክንያት አለው። አርሰናል በ1905 ዓ.ም. ከወንዙ ማዶ ተነስቶ ሰሜን ለንደን ውስጥ አጠገባቸው ሰፈረ፤ የድንበር ጠብ ነው። እኛ ድንበሩን ሳናይ ጠቡን ወረስን። አሁን ደግሞ በሆሳዕና ያሸነፍነውን ጠላት በአሥራ ስድስት ቀኑ «እባክህ አንድ አቻ ውጣልን» ልንለው ነው። የእኛው ካይ ሃቨርትዝ ራሱ ከማንቼው ጨዋታ በኋላ ማክሰኞ ዕለት የቶተንሃም ዋና ደጋፊ እንደሚሆን በይፋ ተናገረ። ተጫዋቹ ካላፈረ እኛ ምን አሳፈረን?

ጨዋታው ከምሽቱ 4 ሰዓት ነበር። በሰፈራችን አንድ የቶተንሃም ደጋፊ አለ። ዓመቱን ሙሉ ጥግ ላይ ብቻውን የሚቀመጥ፣ ማንም «ስንት ለስንት ወጣችሁ?» ብሎ የማይጠይቀው ሰው ነው። ያን ምሽት ሲገባ ከወንበራችን ተነሳንለት። «ኖር!» አልነው። መሐል ተቀመጠ። አንዱ ሻይ፣ አንዱ አምቦ ውሃ አዘዘለት። አሰላለፉን እየነገረን፣ ማን በየት በኩል እንደሚያጠቃ እያስረዳን፣ ምሽቱን ሙሉ እንደ ዳኛ ተከበረ። ከዚያ ከጎኑ የተቀመጥኩትን እኔን በጆሮዬ «ጋሼ፣ ይቅርታ፤ ዛሬ ብንሸነፍ ደስ ይለኛል» አለኝ። አምቦ ውሃውን ግን ጨርሶ ነበር።

በሰው አይፈረድም፤ ስታዲየሙም እንደሱው ነበር። ቶተንሃም ቢያሸንፍ ኖሮ በአራተኛነት ጨርሶ ቻምፒየንስ ሊግ የመግባት ተስፋው ባልሞተ ነበር። ብዙዎቹ ደጋፊዎቻቸው ግን አርሰናል ዋንጫ ከሚያይ ያ ተስፋ ቢቀር መረጡ። የሲቲው ሃላንድ በ51ኛው ደቂቃ ሲያገባ ከሜዳው ባለቤቶች መካከል የጨፈሩ ነበሩ። አሰልጣኛቸው ፖስተኮግሉ በኋላ ንዴቱን መደበቅ አልቻለም። እኔ ግን አከበርኳቸው። እኛ በአንድ ምሽት ጠላታችንን ወዳጅ አደረግን፤ እነሱ ጥላቻቸውን ለአንድ ምሽት እንኳ አላበደሩም።

በ86ኛው ደቂቃ የቶተንሃሙ ሶን ሁንግ ሚን ኳሷን ይዞ ብቻውን ከበረኛው ጋር ተፋጠጠ። በረኛው ኦርቴጋ ነው፤ ኤደርሰን ተጎድቶ የገባ ተቀያሪ። ሶን ደግሞ እንዲህ ያለች ኳስ ሲስት አይታወቅም፤ ስንት ዓመት ሙሉ እኛ ላይ ሲያገባት ኖሯል። ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ተነሳ። ማንቼው ተነሳ። የቤቲንጉ ልጅ ተነሳ፣ ብሩ ሲቲ ላይ ያለው። ባለቤቱ ጀበናውን ይዞ ቆመ። ሶን መታት። ኦርቴጋ በእግሩ መለሳት።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልለፈው፤ ሃላንድ ፔናሊቲ ጨመረ፣ 2ለ0 አለቀ። 6 ሰዓት ቀርቦ ስለነበር ታክሲ የለም። በእግራችን ስንመለስ የቶተንሃሙ ሰው ከኋላችን ያፏጫል። ቡድኑ ተሸንፎ የሚያፏጭ ሰው ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት።

እሁድ ግንቦት 11 ቀን የመጨረሻው ቀን ሆነ። ሲቲ 88፣ እኛ 86። በጎል ልዩነት እንበልጣለን፤ ስለዚህ እኛ ኤቨርተንን አሸንፈን ሲቲ ከዌስትሃም አቻ ከወጣ ዋንጫው የእኛ ነው። ይህን ስሌት ሰፈር ውስጥ የማያውቅ ሕፃን አልነበረም። ተስፋ የቆረጠ ሰው ሲነሳ አንድ አዋቂ የ1981 ዓ.ም.ን ያመጣል። ያኔ አርሰናል በመጨረሻው ቀን ሊቨርፑል ሜዳ ሄዶ በሁለት ጎል ማሸነፍ ነበረበት፤ ማይክል ቶማስ ሁለተኛዋን ያገባት 90ው ደቂቃ ካለቀ በኋላ ነው። ግንቦት 18 ቀን 1981 ዓ.ም. መሆኑ ነው። እውነት ለመናገር ከመፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ ገና አሥር ቀኑ ስለነበር በዚያ ሳምንት እኛ ሀገር ያን ጎል ያወራ ሰው ያለ አይመስለኝም። ዛሬ ግን ሁሉም በዓይኑ እንዳየ ይተርከዋል።

ሁለቱም ጨዋታዎች ምሽት 12 ሰዓት ላይ እኩል ተጀመሩ። ባለቤቱ በአንዱ ቴሌቪዥን አርሰናልን፣ በሌላው ሲቲን ከፈተ። አሁን የምነግራችሁን ሎጂክ የሚያውቅ ሰው ያስረዳኝ፦ ዓመቱን ሙሉ የተከተልነውን ቡድን ጀርባችንን ሰጥተን ሁላችንም የሲቲን ጨዋታ እናይ ነበር። ሻይ ሳይቀዳ፣ በ79 ሰከንድ ውስጥ፣ ፎደን አገባ። በ18ኛው ደቂቃ ደገመ። ኤቨርተኖችም በቅጣት ምት አገቡብን፤ ማንም አላያትም፤ ከጀርባችን የማንቼዎቹን ሳቅ ሰምተን ነው ያወቅነው። ከዚያ የዌስትሃሙ ኩዱስ አየር ላይ ተገልብጦ በመቀስ ምት አንድ መለሰ። ወዲያው ቶሚያሱ ለእኛ አቻ አደረገ። ለዕረፍት ስንወጣ አንድ የዌስትሃም ጎልና አንድ የእኛ ጎል ብቻ ነው የሚጎድለን። ያችን የዕረፍት ሩብ ሰዓት ሳስባት አሁንም ደስ ትለኛለች፤ በዚያ ዓመት ከነበረን ሁሉ የሚሻለው እሱ ነበር።

ሮድሪ በ59ኛው ደቂቃ ሦስተኛ አገባ። ወደ መጨረሻው ሶቼክ ለዌስትሃም አስቆጠረና ወንበር ሰብረን ተነሳን። ቪኤአር እጅ ነክታለች ብሎ ሻራት። ሃቨርትዝ በ89ኛው ደቂቃ ለእኛ የማሸነፊያዋን ሲያገባ «ጎል!» ያለ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የሰዓት ለውጡ ያልገባው፣ ዘግይቶ የመጣው ሰውዬ።

ሲቲ 91፣ እኛ 89። በተከታታይ አራተኛ ዋንጫው ሆነ፤ በእንግሊዝ ከሱ በፊት ማንም አላደረገውም። 91 ጎል አግብተን፣ 29 ብቻ ተቆጥሮብን፣ 28 ጨዋታ አሸንፈን ሁለተኛ ወጣን። በ1996 ዓ.ም. ሳንሸነፍ ዋንጫ የወሰድነው በ90 ነጥብ ነበር። በሃያ ዓመት ውስጥ ሁሉም ነገር ተወዷል፤ ዋንጫም አልቀረለትም። ያን ምሽት የሁላችንንም ሻይ የከፈለው የቤቲንጉ ልጅ ነው። ማንም አላመሰገነውም፣ ማንም እምቢ አላለውም።

ሰኞ መሥሪያ ቤት የጠበቁኝ ማንቼዎች ናቸው። 8ኛ ሆኖ የጨረሰ ቡድን ደጋፊ 2ኛ በሆነ ሰው ላይ ሲስቅ ምን እንደሚባል አላውቅም፤ ድፍረት ግን ነው። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ በኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ማንቼ ሲቲን 2ለ1 አሸነፈው። ሲቲን የሚጥል ሰው ወር ሙሉ በጸሎት ስንፈልግ ጠፍቶ፣ ምንም በማይጠቅመን ቀን ተገኘ። ያውም በማን? የግድግዳው በኩል ያሉት እስከ ሰኔ ድረስ ይህንኑ ሲያወሩ ከረሙ።

ቀጣዩ የውድድር ዘመን ለእኛ ዓመቱ ሳይገባደድ፣ ነሐሴ 11 ቀን 2016 ዓ.ም. ተጀመረ። ዎልቭስን 2ለ0 አሸነፍን። የዲኤስቲቪ ቤቱ መግቢያ ዋጋ ጨምሮ ነበር፤ ከፈልን።